ምን ላምጣልሽ? የሚጠገን የሥራ ላፕቶፕ ወይስ በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሐዋሳ ደወለችልኝ። የሒሳብ ባለሙያ ናት። ዱባይ የሚሠራው ወንድሟ ለእረፍት ሊመጣ ነበር። "አንድ ዕቃ ነው የምችለው፤ ላፕቶፕ ላምጣልሽ ወይስ ያንን በእጅ የሚያዘውን የጌም ኮምፒውተር?" ብሏታል። ቀን ቀን እሷ ልትሠራበት፣ ማታ ማታ ልጇ ሊጫወትበት አስባለች። "እሱም እኮ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪንና ኪቦርድ ከተሰካበት ሥራ ይሠራል አሉኝ" አለችኝ።

ያሏት ውሸት አይደለም፤ ይሠራል። እኔን ያሳሰበኝ የሚበላሽበት ቀን ነው። ግራፊክስ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቶ የቻርጀር መሰኪያው ተበላሸበት። ያለው መሰኪያ ደግሞ ያው አንዱ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቦታ አብረን ዞርን። አራቱም "ዕቃው የለም" አሉን። ከውጭ እስኪመጣለት ሁለት ወር ተኩል ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ያኔ የያዝኩት አቋም አልተለወጠም፤ የእንጀራችሁ ዕቃ እናንተ ባላችሁበት ከተማ የሚጠገን ይሁን።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳትን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ዋጋ በብር አልጻፍኩም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል።

1. የአንድ ሳምንት ሥራችሁን ወረቀት ላይ አውርዱ

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የከፈታችሁትን ፕሮግራም ሁሉ ጻፉ። በቃል አትያዙት። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጥያቄ መልሱ። ዊንዶውስ የግድ ይፈልጋል? በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እጽፍበታለሁ?

የአክስቴ ልጅ ዝርዝር አጭር ነው፦ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሟ)፣ ኤክሴል፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያዋ)። እዚህ ላይ የመልሱ ግማሽ ታየ። ፒችትሪም ፓወር ግዕዝም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ የእጅ ጌም ኮምፒውተሮች በጣም የታወቀው ስቲም ዴክ ደግሞ የሚመጣው ስቲምኦኤስ በሚባል፣ በሊኑክስ ላይ በተገነባ ሥርዓት ነው። ዊንዶውስ መጫን ይቻላል፤ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንደ አሱስ ሮግ አላይ ያሉት ግን ከመጀመሪያው ዊንዶውስ 11 ተጭኖባቸው ይመጣሉ። ፒችትሪ ብቻ ከሆነ ችግራችሁ፣ እነሱ ይፈቱታል።

ሥራችሁ ሙሉ በሙሉ ብራውዘር ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ስቲም ዴክም ያሠራችኋል። ዴስክቶፕ ሞድ የሚባል አለው፤ ከፍታችሁ እንደማንኛውም ኮምፒውተር ትጠቀሙበታላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሥርዓቱ ዋና ክፍል እንዳይነካ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ፕሮግራም የሚጫነው ፍላትፓክ በሚባለው መንገድ ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ ሌላ ነገር ብትጭኑ፣ አዲስ ማሻሻያ ሲመጣ ሊጠፋባችሁ ይችላል። የአማርኛ መጻፊያውን ለማስገባት የደከማችሁበት ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

2. መብራት የጠፋበትን ቀን አስቡ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማየው እሱን ነው።

የእጅ ጌም ኮምፒውተር ለሥራ እንዲሆን ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ መሰኪያ የሚያገናኝ ሃብ እና ማቆሚያ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የእነዚህን ዋጋ ደምሩ። "ከላፕቶፕ ይረክሳል" የተባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይደርስበታል።

ከዚያ መብራቱ ይጥፋ። ላፕቶፑ ስክሪኑም ኪቦርዱም ከባትሪው ጋር አብሮ ስላለ እንደበራ ይቀጥላል። የጀመራችሁትን ደብዳቤ ትጨርሳላችሁ። የእጅ ጌም ኮምፒውተሩም ባትሪ አለው። ውጭ ያለው ስክሪን ግን ጠፋ። የቀራችሁ በስቲም ዴክ ላይ 7 ኢንች፣ ኦሌድ በሚባለው ደግሞ 7.4 ኢንች መስታወት ነው። እዚያ ላይ የወር መጨረሻ ሒሳብ ዝጉ ብላችሁ ሞክሩት። እንዲያውም በእውነት ሞክሩት፦ ስልካችሁን አግድም ይዛችሁ አንድ ትልቅ የኤክሴል ፋይል ክፈቱና ሃያ ደቂቃ ሥሩበት። የስልኩ መስታወት ትንሽ ያነሰ ቢሆንም ስሜቱን ትረዱታላችሁ።

ቁጥሩንም ልንገራችሁ፤ ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ባትሪ 40 ዋት ሰዓት ነው፤ የኦሌዱ 50 ነው። የመጀመሪያው ሮግ አላይ እንዲሁ 40 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አላይ ኤክስ ወደ 80 ከፍ ብሏል። ከባድ ጨዋታ ላይ 40 ዋት ሰዓት ሁለት ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው። ልጁ ማታ ተጫውቶ ባትሪውን ጨርሶት ቢያድር፣ ጠዋት መብራት ከሌለ እናትየው ሥራ የላትም። አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው።

3. ሦስት ጥገና ቤት ደውሉ

ከመግዛታችሁ በፊት ነው የምትደውሉት። ባላችሁበት ከተማ ያሉ ሦስት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ምረጡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ መገናኛ ወይም መርካቶ ሄዳችሁ በአካል ብትጠይቁ ይሻላል። አራት ነገር ጠይቁ፦ ለዚህ ሞዴል ስክሪን አለህ? ባትሪ? ኪቦርድ? ቻርጀር? "ይገኛል" የሚለውን መልስ አትቀበሉ። "አሁን አለህ? በስንት ቀን ትሠራልኛለህ?" በሉት።

የታወቀ የሥራ ላፕቶፕ ስም ስትጠሩ፣ ለምሳሌ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲትዩድ 5490 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840፣ ከሦስቱ አንዱ ቢያንስ ከሌላ ከሞተ ማሽን ያወጣው ዕቃ ይኖረዋል። እነዚህ ላፕቶፖች በዓለም ዙሪያ መሥሪያ ቤቶች በብዛት የገዟቸው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ሲቀይር በገፍ ወደ ገበያ ይወጣሉ። የሞተውም ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። የጥገና ሚስጥሩ ይኸው ነው፤ ብዛት።

ለእጅ ጌም ኮምፒውተሩም በእኩል ዓይን ጠይቁ። ለስቲም ዴክ ፍትሐዊ እንሁን። አምራቹ ቫልቭ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይፊክስኢት ከሚባለው የጥገና ድርጅት ጋር ተስማምቶ መለዋወጫ እየተሸጠለት ነው። አከፋፈቱም በፎቶ ተብራርቶ ተቀምጧል። ጀርባው በተራ ብሎን ይከፈታል። ማከማቻው ይቀየራል። ጣት የሚያዞራቸው ጆይስቲኮችም ይቀየራሉ። ራሙ፣ ማለትም ፕሮግራም ሲከፈት ማሽኑ የሚሠራበት ጊዜያዊ ማኅደር፣ ግን ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ነው፤ አይጨመርም። ባትሪው ደግሞ በሙጫ ተጣብቋል፤ በተለይ በመጀመሪያው ሞዴል ላይ ማውጣቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መለዋወጫው በዋናነት የሚሸጠው አሜሪካና አውሮፓ ነው። ዋሽንግተን ለሚኖር ሰው ይህ ዕቃ የሚጠገን ነው። ሐዋሳ ላለ ሰው ግን የሚጠገነው ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ነው።

4. ላፕቶፑ በእውነት የሚጠገን መሆኑን ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ

ላፕቶፕ የተባለ ሁሉ ይጠገናል ማለት አይደለም። ቀጫጭኖቹ ብዙዎቹ ራማቸው የተበየደ ነው። ስም ብቻ ሰምታችሁም አትመኑ፤ አንድ ፊደል ልዩነት ያመጣል። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት የራም ቦታ አለው። ከጎኑ የሚቀመጠው ቲ480ኤስ አንዱ ራም የተበየደ ነው። ኤክስ1 ካርቦን ጭራሽ ቦታ የለውም። ሦስቱም ጥቁር ናቸው፤ ሦስቱም ቲንክፓድ ይባላሉ። ባለሱቁ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ "ክፈትልኝ" በሉ። ደስ የማይለው ሻጭ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ። ቲ480 ላይ የታች ክዳኑን የያዙት ስድስት ብሎኖች ናቸው፤ ከክዳኑ ጋር ስለሚቀሩ አይጠፉም። ከመክፈት በፊት ግን የውስጡን ባትሪ ከባዮስ ማጥፋት ይገባል። ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት የማስተካከያ ገጽ ነው። በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በዴል ኤፍ2 ተጭኖ ይገባል።

ባዮስ ውስጥ ከገባችሁ አይቀር ዋናውን ነገር እዚያው እዩ፤ የይለፍ ቃል ይጠይቃል ወይ? ከመሥሪያ ቤት የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል እንዳለባቸው ይሸጣሉ። "ችግር የለውም፣ ዊንዶውሱ ይሠራል" ቢሏችሁ አትስሙ። ቲንክፓድ ላይ ይህ ቃል ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ቦርዱን እስከ መቀየር ያደርሳል። ከነገሩ ጦም እደሩ ነው።

ሁለተኛ ቁልፍም አለ። ሻጩ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንዲያስጀምረው አድርጉና ከስልካችሁ ኢንተርኔት ስጡት። መጀመሪያ ሲነሳ የማታውቁት ድርጅት ስም ብቅ ብሎ "የድርጅቱን ኢሜይል አስገባ" ካለ፣ ማሽኑ አሁንም በዚያ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ነው። ማሽኑን ለሻጩ መልሱለት።

ከዚያ የፕሮሰሰሩን ቁጥር አንብቡ። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር 8 ወይም 9 ብሎ ይጀምር፣ ወይም 10፣ 11፣ 12 እያለ ከዚያ በላይ ይሁን። አይ5-8250 ይሆናል፤ አይ5-7300 አይሆንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም ማለት ይቻላል። ሒሳብና የሰው ደመወዝ የሚያዝበት ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ሳያገኝ መቆየት የለበትም።

ባትሪውን በዓይን አትለኩት። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩን አውጣልኝ በሉት። ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ሲመረት የነበረው አቅም ነው፤ ሌላው አሁን ሞልቶ የሚይዘው። ሲመረት 24 ዋት ሰዓት የነበረው አሁን 12 ከያዘ፣ ግማሹ አልቋል፤ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ አስቀንሱ።

ቲ480 ለእኛ አገር የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ከኋላ ያለ መፍቻ ይወጣል። ማሽኑ እንደበራ የኋላውን አውጥታችሁ ሌላ ትከታላችሁ፤ ውስጥ ያለው እስከዚያ ይይዘዋል። የኋላው በሦስት መጠን ይገኛል፤ ትልቁ 72 ዋት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ሁለት የኋላ ባትሪ መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ድክመቱም ይነገር። ቻርጅ የሚገባው በዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ነው፤ መሰኪያው የተበየደው ቦርዱ ላይ ነው። ገመዱን እየጎተቱ ማወዛወዝ አይገባም። በዚያ ዘመን የወጡ ቲንክፓዶች ላይ ታንደርቦልት የሚባለውን የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ የሚያሠራው ሶፍትዌር ችግር ነበረበት፤ ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቶለታል። ስትገዙ መጫኑን አረጋግጡ።

የቀረው ቶሎ የሚያልቅ ነው። ሁሉንም የኪቦርድ ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኑ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብና ጥላ ፈልጉ። ማጠፊያውን በአንድ እጅ ከፍታችሁ ዝጉ። እያንዳንዱ መሰኪያ ውስጥ ፍላሽ ሰክታችሁ እዩ። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ኪቦርዱ ላይ የዓረብኛ ፊደል ሊኖር ይችላል፤ ይሠራል፣ ግን ለዓይናችሁ ይስማማ እንደሆነ ወስኑ።

5. አዲስ የሚያመጣ ዘመድ ካላችሁ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው አዲስ ሊገዛላችሁ ካሰበ ፍሬምወርክ የሚባለውን ይመልከት። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው የመጀመሪያውን ላፕቶፕ ያወጣው። ከካርቶኑ ውስጥ መፍቻ አብሮ ይመጣል። ዕቃዎቹ ላይ በስልክ የሚነበብ ኮድ ተለጥፎባቸዋል፤ ስካን ስታደርጉት ያንን ዕቃ እንዴት እንደምትቀይሩ ያሳያችኋል። በ13 ኢንቹ ጎን ያሉት አራቱ መሰኪያዎች ተነቃይ ናቸው። ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ቢደርስባችሁ አንዷን ትንሽ ካርድ ነቅላችሁ ሌላ መሰካት ነው። ከዓመታት በኋላ ቦርዱን ብቻ በአዲስ መቀየርም ይቻላል።

በጣም የምወደው አሠራር ነው። ግን ቅድም ያልኩት ብዛት እዚህ አገር የለውም። ዕቃውን የሚሸጠው ራሱ በድረ ገጹ ነው፤ ገበያውም በዋናነት ሰሜን አሜሪካ፣ አውሮፓና አውስትራሊያ ነው። ፍሬምወርክ የሚያመጣላችሁ ሰው በየዓመቱ የሚመላለስ ከሆነ ግዙ። አንዴ መጥቶ ለአምስት ዓመት የሚጠፋ ከሆነ የተለመደው የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይሻላችኋል።

6. የእጅ ጌም ኮምፒውተሩ ትክክል የሚሆነው ለማን ነው

ደህና የሥራ ማሽን ቀድሞ ላለው ሰው ነው። እንደ ሁለተኛ ዕቃ ስቲም ዴክ በጣም ጥሩ ነገር ነው። 670 ግራም እንኳ አይሞላም። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። ቤት ውስጥ ለልጅም ለአዋቂም ደስታ ነው፤ ደስታ ደግሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነገር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትጫወቱትን ጨዋታ ስም ስቲም በሚባለው የቫልቭ የጨዋታ መሸጫ ገጽ ላይ ፈልጉ። ለስቲም ዴክ መፈተሹን የሚያሳይ ምልክት አለው። ኳስ ጨዋታ ለምትወዱ ይህ በተለይ ይመለከታችኋል። የኢኤ ኤፍሲ 24ና 25 ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራማቸው ስቲምኦኤስ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ጨዋታው አይከፈትም። ልጁ የፈለገው ኳስ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁ ውሃ በላው ማለት ነው። ዊንዶውስ ያለበትን መምረጥ ይኖርባችኋል። ኢንተርኔታችሁንም አስሉ፤ ትልልቆቹ ጨዋታዎች አንዱ ብቻ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። የሚያመጣላችሁ ሰው ፈጣን ኢንተርኔት ካለው በእናንተ አካውንት እዚያው አውርዶ ቢያመጣው ብዙ ወጪ ያድናችኋል።

7. ዕቃው ከመጣ በኋላ

ቻርጀሩ ላይ "100-240" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ካለ በእኛ 220 ቮልት ያለ ችግር ይሠራል። ከዱባይ የመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ከሆነ ጥሩ አዳፕተር ግዙ፤ የሚላላ አዳፕተር እሳት ያስነሳል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ሲመጣም አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ የሚዋዥቅበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ቻርጀር የሚቃጠለው ያኔ ነው።

በዓመት አንዴ ማራገቢያውን አስጠርጉ። አቧራ ማሽኑን ያግለዋል፤ ሙቀት ደግሞ ባትሪ ይገድላል። የሥራ ፋይላችሁንም በየሳምንቱ ሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ፤ ላፕቶፑ ይጠገናል፣ የጠፋ ፋይል ግን ላይመለስ ይችላል።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ እዚሁ ያገለገለ ቲ480 ገዛች። ሁለተኛውን የራም ቦታ ሞላችው። ወንድሟ ከዱባይ ያመጣላት አዲስ የኋላ ባትሪና ለልጇ ጆይስቲክ ነበር። ቀለል ያሉ ጨዋታዎች እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይጫወታል፤ እሷ ሁለተኛውን የኋላ ባትሪ ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች። ባትሪ በአውሮፕላን ለምታስመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ከማሽኑ የተለየ ሊቲየም ባትሪ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን፣ መገናኛው ብረት በፕላስተር ይሸፈን፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው አየር መንገድ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅበትም።